ትልም በትልም የሄደ መሬት
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ስለ ቀበሌ ዳኝነትና ስለ ሽምግልና ናቸው። ከተማ ያለ ሰው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚባል የቀበሌ ዳኝነት መኖሩንም ረስቶት ይሆናል። ገጠር ላለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ዳኛ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ እናቴ ግን ደቡብ ጎንደር ገጠር ናት። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ነው የምትኖረው። ኩታ ገጠም የሆነው ጎረቤት በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ወሰኑን ገፋባት። አምና ክረምት ጭራሽ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ጣለው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል፤ ፊታቸው "እሺ" ይላል፣ ሲያርስ ግን ያው ነው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሄዳ "መሬት የእኛ አይደለም፣ ወረዳ ሂጂ" አሏት። ወረዳው በእግር አራት ሰዓት ነው፣ ጉልበቷን ደግሞ ያማታል። ከዳኞቹ አንዱ የሰውየው አበልጅ ስለሆነ ሆን ብለው ያባረሯት ይመስላታል። ምን ታድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ዳኞቹ። አበልጅነቱ ያሳስባል፣ እመለስበታለሁ። በዚህኛው ነገር ግን "ወረዳ ሂጂ" ማለታቸው ልክ ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ክርክር መጀመሪያ በስምምነት ወይም በሽማግሌ ይሞከራል፣ ካልተቻለ የሚያየው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚያየው አነስ ያለ የገንዘብና የንብረት ጉዳይ ነው፤ ብድር፣ ከብት የበላው ሰብል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። የገንዘቡን ጣሪያ እያንዳንዱ ክልል በራሱ አዋጅ ነው የሚወስነው። አዲስ አበባ ለምሳሌ በ1995 ዓ.ም. በወጣው ቻርተሯ 5,000 ብር አድርጋው ነበር። እና ዳኞቹ መሬቱን አይተው ለእናትሽ ቢፈርዱላት ኖሮ ያ ፍርድ ነገ ጠዋት "ያለ ሥልጣን የተሰጠ ነው" ተብሎ ይፈርስባት ነበር።

እናትሽን የጎዳት ሌላ ነገር ነው። ሁሉም በቃል መሆኑ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ አንዲት ወረቀት የለም። ሰውየው ሦስት ጊዜ "ገፍቻለሁ፣ እመልሳለሁ" ብሎ አንድም ቦታ አልፈረመም። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱም የመለሳት በአፍ ነው።

ይሄ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርሽ። የአባቴ እህት እንዲሁ በድንበር ተከሳ፣ መልሳ ከሳ፣ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ልጅ ሆኜ አብሬያት እሄድ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት እንነሳለን። ምስክሮቹም አብረውን ናቸው፣ ሦስት ሰዎች። ምስክር ደግሞ ባዶ ሆዱን አይመለስም፤ ምሳቸውን ከምሳ ዕቃ ሳይሆን ከከተማው ምግብ ቤት ነው የምትችለው፣ ክብራቸው ነዋ። ደርሰን በር ላይ ከተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ማመልከቻ ይጽፍልናል፣ ይከፈለዋል። ከዚያ "ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፣ ለወር" ይባላል። ወር ቆጥረን ስንመጣ አንዱ ምስክር ለቅሶ ሄዷል። ለሌላ ወር። አምስተኛው ቀጠሮ ላይ አክስቴ መዝገቡን ተወችው። አልተረታችም፣ የፈረደባትም የለም። ለምስክር የምታበላው ነው ያለቀባት። ወረቀቶቹን በነጭ ፌስታል ጠቅልላ ከቆጥ ላይ ሰቀለቻቸው፣ እስክትሞት እዚያው ነበሩ።

እና እናትሽ ከመሄዷ በፊት ሰፈሯ ሆና ልትጨርሰው የምትችለው ነገር ሁሉ ይለቅ። አንዴ ስትሄድ ጉዞው እንዲቀንስላት።

መጀመሪያ ደብተሩ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶ መኖር አለበት፣ የአባትሽም የእሷም፤ በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ ነው የሚመዘገቡት። በአራቱ ማዕዘን አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ ተጽፏል። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን አዲሱን ማረጋገጫ ወስዳ ከሆነ ደግሞ ካርታ አለው፣ ትልሙ የት ጋ እንዳለፈ የሚለካው በእሱ ነው። ካልወሰደች መዝገቡ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አለ። የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቦታው ድረስ ወጥቶ አይቶ ያየውን ይጻፍላት። ይህን ለማድረግ ወረዳ መውጣት የለባትም፣ ኮሚቴው እዚያው ቀበሌ ነው ያለው። (በነገራችን ላይ ስድስት ዓመት ካለፈ የአባትሽን ድርሻ ውርስ ስም አዙራችኋል? ካላዞራችሁ እሱም ይታሰብበት፣ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሳው ነገር ነው።)

ሁለተኛ ሽማግሌዎቹ። አራተኛ ጊዜ አስቀምጡ ማለቴ አይደለም። ሦስቱ ጊዜ የተባለውን ይጻፉና ይፈርሙበት። ሽማግሌ "ያየሁትን ነው የምፈርመው" ቢባል አይከፋውም። እነሱ ሲፈርሙ ምስክርም ይሆኗታል።

ሦስተኛውና ዋናው ጊዜ ነው። ይህ ክስ በተለምዶ "ሁከት ይወገድልኝ" የሚባለው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታዬን ነጠቀኝ ወይም ሁከት ፈጠረብኝ የሚል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ድንጋዩ የተነቀለው አምና ክረምት ነው ብለሻል። አንዱ ዓመት ሄዷል ማለት ነው። "ሽማግሌ ይዞኛል" ማለት ጊዜውን ያቆመዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ብዙ ሰው በዕርቅ ሲጎተት ቆይቶ፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ "ጊዜው አልፏል" ይባላል። ገፊው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይምሰልሽ፣ "እሺ" የሚለው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ካስቸገራት የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል መክሰስ የምትችልበት መንገድ አለ፣ "በደሃ ደንብ" ይባላል፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያለው ነው። የቀበሌ ማስረጃና ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። እንደ ባሕር ዳርና ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለጉልበቷ ሕመም ደግሞ አንቺ አለሽላት። ውክልና ትስጥሽና ቀጠሮው ላይ ቁሚላት። መንገዱን ግን ሳትጠይቂ እንዳትነሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ውስጥ መንገዱም ችሎቱም እንደ ልብ የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ክሱ በቀኑ ማስገባት ያልተቻለበት ምክንያት ካለ ያንንም በጽሑፍ ያዙት።

አበልጁ ዳኛ? በሌላ ጉዳይ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከቀረበች ነገሩ ከመሰማቱ በፊት "እኚህ ዳኛ የባላጋራዬ አበልጅ ናቸው፣ ከችሎት ይነሱልኝ" ትበል። መብቷ ነው። ጎረቤት ላይ መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ከማማት ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰሜን ሸዋ ገበሬ ነኝ። ካቻምና ለማዳበሪያ ብሎ ለጎረቤቴ 3,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት አልተጻጻፍንም፣ ሦስት ሰው ግን ነበረ። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰስኩት። ዳኞቹ ፊት "ወስጃለሁ፣ አሁን ግን የለኝም" አለ። "እስከ መስቀል ክፈል" ብለው ፈረዱ። መስቀል አለፈ። ሄጄ ብጠይቅ "እኛ ፈርደናል፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ" አሉኝ። ወረቀት ስጡኝ ስል ደግሞ "ማህተሙን ሊቀመንበሩ ይዞት ሄዷል" ይሉኛል። አሁን ወረዳ ልክሰሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረዳ አዲስ ክስ ለመክፈት አትቸኩል። አንተ እጅ ላይ ትልቅ ነገር አለ፣ እንዳይጠፋብህ እፈራለሁ።

ምን መሰለህ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 2472 ላይ "ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ አይረጋገጥም" የሚል ነገር አለ። ወይ ጽሑፍ፣ ወይ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቆሞ ማመን፣ ወይ መሐላ ያስፈልጋል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ከዚያ በታች ያለውን የሰፈር ብድር ሰው በአፉ ይስጥ ተብሎ የተተወ ነው። ዛሬ 500 ብር ደህና ዶሮ አይገዛም። ቁጥሩ ግን አልተነሳም። እና ዛሬ ገጠር ውስጥ ያለ ብድር በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ጣሪያ በላይ ነው፣ በሙሉ ማለት ይቻላል ደግሞ ያለ ወረቀት ነው የሚሰጠው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቆመው "አይተናል" ቢሉ እንኳ ተበዳሪው ከካደ አበዳሪው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ይሄ መታረም ያለበት ሕግ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። እስኪታረም ግን ተጠንቀቁ።

አሁን ያንተን ተመልከተው። ሰውየው ዳኞች ፊት "ወስጃለሁ" ብሏል። ያ ቃል መዝገብ ላይ ከሰፈረ የወረቀቱን ቦታ የሚተካልህ እሱ ነው። ካልሰፈረ ወረዳ ሲደርስ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ቢልህ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ስለዚህ ነገ ሂድና የምትጠይቀው ገንዘቡን አይደለም። "ውሳኔው ይጻፍልኝ፣ ተከሳሹ ያመነው ቃል ይግባበት፣ ቀኑ ይኑረው፣ ሦስታችሁም ፈርሙበት፣ ይታተም" በል። የማህተሙ ነገር ሰበብ ነው እንጂ ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ቀበሌ መምጣቱ አይቀርም። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ካለም ለእሱ አመልክት። ማመልከቻህን ሁለት አድርገህ ጻፍና አንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" አስብልበት።

ዳኞቹንም ብዙ አልፈርድባቸውም። ደሞዝ የላቸውም። እርሻቸውን ትተው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ብዙ ጊዜ ዛፍ ሥር ወይም ቀበሌ አዳራሽ ጥግ ነው የሚቀመጡት። ማስታወሻ ደብተሩን ከራሳቸው ኪስ የሚገዙ አሉ። በንጉሡ ዘመን አጥቢያ ዳኛ ነበር፣ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተተካ። ዛሬ ያለው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የእነሱ ወራሽ ነው። ይኸው በሦስት መንግሥት ሥር ከመንደር ሰው ዳኝነት ተጠይቋል፣ ወረቀትና ቁም ሣጥን ግን በደንብ አልተሰጠውም።

ጽሑፉን ከያዝክ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ውሳኔው እንዲፈጸም ራሱ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱን በጽሑፍ ትጠይቃለህ፣ ካልሆነ ወረዳ ትሄዳለህ። እሱ ቅር ካለውም ይግባኝ የሚለው ወረዳ ነው። ወይም ደግሞ፣ እኔ ብሆን ይህን ነው የማስቀድመው፣ ሰውየው አላገኘም እንጂ አልካደም። ሽማግሌ ይዘህ ሂድና በየመኸሩ ስንት እንደሚከፍል ተጻጻፉ። በጽሑፍ የተደረገ ዕርቅ በሕጉ ቀላል ወረቀት አይደለም፣ በሁለታችሁ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ብቻ። ሰውየው ፊደል የማይቆጥር ከሆነ አሻራ ማስደረግ አይበቃህም። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የዋህ ሰው እንዳይታለል ታስቦ የወጣ ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው። ግን አበዳሪዎች አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በሽማግሌ ፊት ተለያይተናል። ሽማግሌዎቹ ንብረቱንም አካፍለውናል። ፈትተናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በድሮው ሕግ ፍቺ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው እስከ ዛሬ እንዲያ የሚመስለው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የአማራ ክልሉም በ1995 ዓ.ም. ሲከተል፣ ፍቺን መወሰን የፍርድ ቤት ብቻ ሆኗል። ማኅበራዊ ፍርድ ቤትም አያፋታም። ሽማግሌዎቹ የጻፉት ስምምነት ካለ ይዘሽ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂጂና አስጸድቂው። ሳታስጸድቂ ሌላ ትዳር እንዳትጀምሪ፣ የልጆቹንም ቀለብ በጽሑፍ አስገቢ።

ጥያቄ፦ እኔ ገጠር የተመደብኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እባካችሁ ስሜም ቦታዬም ይቅር። ሰባተኛ ክፍል የምትማር የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ገባ። አንድ ጊደርና ገንዘብ ለአባቷ ተሰጠ፣ "ዕርቅ ወርዷል፣ ልጅቷም ቤቷ ገብታለች" ተባለ። ከማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ ዕርቁ ላይ ነበር። ለፖሊስ ልናገር ስል "ያለቀ ነገር ለምን ትነካኪያለሽ" አሉኝ። ልጅቷን አንድ ጊዜ ውኃ ስትቀዳ አግኝቻታለሁ። አላናገረችኝም፣ እንስራዋን አንስታ ሄደች።

መልስ፦ እህቴ፣ ያለቀ ነገር የለም።

ሽምግልናን የምወድ ሰው ነኝ። ሁለት ዘመዳሞች ደም ተቃብተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ልጆቻቸው ዛሬ አብረው ሲያርሱ አይቻለሁ። ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣሉ ሰዎችን ነው። እዚህ የተጣላ ሰው የለም። የተጎዳች ልጅ አለች፣ እሷ ደግሞ ዕርቁ ላይ አልነበረችም። ጊደሩ የገባው አባቷ ግቢ ነው።

ሕጉ ላይ ምንም ብዥታ የለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሽማግሌዎቹ በልባቸው የያዙት ያንን ነው፣ አባቶቻቸው ሲያደርጉ ያዩትን። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኖታል። ቁጥር 587ን ተመልከቺ፦ ለጋብቻ ብሎ ሴት የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፣ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ከዚያ ላይ የተፈጸመባት ነገር ካለ ለብቻው ይታያል። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። ጋብቻ የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ቁጥር 648። ሕገ መንግሥቱ የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ጠለፋ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱም እንዲህ ያለ ወንጀል የማየት ሥልጣን የለውም፤ ዳኛው ዕርቁ ላይ መቀመጡ ነገሩን ፍርድ አያደርገውም።

አሁን አንቺ ምን ታደርጊያለሽ። ብቻሽን እንዳትሄጂ። እዚያው ቀበሌ ነው የምትኖሪው፣ በየቤቱ ትገቢያለሽ፣ ክትባቱም የእናቶቹም ክትትል ባንቺ ላይ ነው፣ እና ሰው ሊያኮርፍሽ ይችላል። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር አናግሪ። ልጅቷ ከመቼ ጀምሮ እንደቀረች ስም መጥሪያው ላይ አለ፣ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ዕድሜዋም ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አለ፤ ነገ "18 ሞልቷታል" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርምና ቀድማችሁ ያዙት። ከዚያ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በጽሑፍ አመልክቱ፣ በመሥሪያ ቤት ስም ይሁን እንጂ ባንቺ ስም ብቻ አይሁን። ቀበሌው ፖሊስ ዝም ካለ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ አለ፣ በቀጥታ እዚያ ማመልከት ትችላላችሁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አንቺ ደግሞ እንደ ጤና ባለሙያ የምትችይው ማንም የማይችለው ነገር አለ። ያ ቤት የመግባት መብት አለሽ። ለክትትል ብለሽ ግቢ። ብቻዋን አግኝተሽ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ንገሪያት፣ ከተቻለ አብረሻት ሂጂ፣ ሴት ባለሙያ እንድታያት አድርጊ። ምርመራው ለጤናዋ ነው መጀመሪያ። ለክሱም ማስረጃ ይሆናል፣ እሱ ግን ከጊዜ ጋር ይጠፋል፣ ስለዚህ ቶሎ። መጀመሪያ ቀን ላታናግርሽ ትችላለች። እንስራዋን ይዛ ብትሄድም በማግሥቱ ተመለሺ።

እናቷንም አናግሪ። ደብዳቤሽ ላይ አባቷን ብቻ ነው የጠቀስሽው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕርቅ ላይ እናት አትጠየቅም፣ ልጇ እንድትመለስ የምትፈልግ እናት ካለች ደግሞ ማመልከቻው ላይ ለመፈረም ከሁሉም ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። የወረዳውን ስም ለእኔ ብቻ ብትልኪልኝ እዚያ አካባቢ የሚሠሩ የሕግ ሰዎችን አፈላልጌ አገናኝሻለሁ።